የፓወር ስቲሪንግ ፓምፕ ሲግልና ሲያፈስ፦ ከላንድ ክሩዘር ጥገና ያገኘሁት ተሞክሮ

መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው የፓወር ስቲሪንግ ፓምፕ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር የተለመደው ነገር ፓምፑን አስወርዶ ኦይል ሲሉን፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ ያለውን የጎማ ማሸጊያ፣ ማስቀየር ነው። ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪና ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአሸዋ፣ በላቫ ድንጋይና በወንዝ ጠጠር ላይ ለሚውል መኪና ግን ማሸጊያው ለምን እንደተበላሸ ሳይታወቅ አዲስ ማስገባት ያንኑ ወጪ በቅርቡ ደግሞ ማውጣት ነው። ሙቀቱና ፍሳሹ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን የሚወልድ አንድ ችግር ናቸው፤ ዘይቱ ሲግል ማሸጊያው ይደርቃል፣ የደረቀው ማሸጊያ ዘይት ያሾልካል፣ ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ አየር የገባበት ዘይት ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ፓምፑ ብቻ ሳይሆን ፓምፑን ለዚህ ስለሚዳርጉት ነገሮችም ጭምር እገልጻለሁ።

መኪናዬ 1ኤችዜድ የሚባለው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ነው። እንግዶችን ወደ አፋር፣ ወደ ባሌና ወደ ደቡብ ኦሞ ስለማደርስበት በአንድ ወር ውስጥ ከባሕር ወለል በታች ካለው የዳሎል ሙቀት እስከ ባሌው ሰኔቲ አምባ ብርድ ድረስ ይሠራል። ችግሩ የታየኝ ከአፍዴራ ወደ ኤርታ አሌ በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ላይ ነበር። ጠዋት ሲነሳ መሪው ቀላልና ጸጥተኛ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ በዝቅተኛ ማርሽ በድንጋይ መካከል እየተጠማዘዝን ስንጓዝ ፓምፑ ማልቀስ ጀመረ፣ መሪው እየከበደ ሄደ፣ ኮፈኑን ስከፍት ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ተቀበለኝ። በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ቀይነቱን ትቶ ቡናማ ሆኗል፤ ላዩንም አረፋ ሸፍኖታል። መኪናው ቆሞ ሲበርድ መሪው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሲግል የሚከብድና ሲበርድ የሚሻለው መሪ ከዘይቱ ሙቀት ጋር የተያያዘ ብልሽት እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚናገር ምልክት የለም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ ጎማው ከዚያ በላይ መሄድ ሲያቅተው ፓምፑ የሚገፋው ዘይት መሄጃ ስለሚያጣ ግፊቱ ወደ 80 ባር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ጊዜ የፓምፑ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ እዚያው በፓምፑ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሥራ ሳይሠራ የቀረው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ፓምፑ በደቂቃ 7 ሊትር ያህል ቢገፋ ይህ ወደ 900 ዋት ይጠጋል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ሊትር ገደማ ዘይት ስር እንደመለኮስ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የዘይቱ ሙቀት በየሰከንዱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በአስፋልት ላይ እንዲህ ያለው ሁኔታ የሚያጋጥመው መኪና ሲቆምና ሲወጣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ በላቫ ድንጋይ ላይ ግን ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ያዞራል፣ መኪናው ስለማይፈጥንም የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። በተለምዶ ለዚህ ሥራ የሚውለው የጎማ ማሸጊያ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ መጠንከርና መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

ወደ ጥገናው ስገባ በመጀመሪያ ያደረግሁት ማጠብ ነው። ሞተሩ በአቧራና በዘይት ተለውሶ ሳለ የፍሳሹን ምንጭ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ዘይት በነፋስና በንዝረት ከምንጩ ርቆ ይሄዳልና። ፓምፑን፣ ቱቦዎቹንና የመሪውን ሳጥን በሚገባ አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ነሰነስሁባቸው። ሞተሩን አስነስቼ ረዳቴ መሪውን ቀስ እያለ ሲያዞር ነጩ ፓውደር ላይ ቀይ መስመር የት እንደሚጀምር በባትሪ መብራት ተመለከትሁ። በዚህ ጊዜ በግፊት ቱቦው ላይ እጅን ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት የጋለ ከመሆኑም በላይ ቆዳን ሊበሳ ስለሚችል ቁራጭ ካርቶን በማስጠጋት መፈተሽ ይሻላል።

የፍሳሹ ቀለም ብዙ ይናገራል። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ የሚዞረው በቺንጋ ሳይሆን ከሞተሩ ፊት ባለው የማርሽ ቤት ውስጥ በጥርስ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከማርሽ ቤቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቁር ዘይት ከታየ የሚያፈሰው የሞተር ዘይት ነው፤ ጥፋቱም በፓምፑና በማርሽ ቤቱ መካከል ያለችው ቀለበት ጎሚኒ እንጂ የፓምፑ የውስጥ ማሸጊያ አይደለም። ቀይ ወይም ቡናማ ዘይት በግፊት ቱቦው ማሰሪያ ላይ ከታየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቡሎኑ ስር የሚገባው ስስ ቀለበት፣ የሮንዴላው ነው። እነዚህ ሮንዴላዎች አንድ ጊዜ ሲጠብቁ ቅርጻቸውን ስለሚለውጡ ቡሎኑ በተፈታ ቁጥር በአዲስ መተካት አለባቸው። ቡሎኑን ይበልጥ በማጥበቅ ፍሳሹን ለማስቆም መሞከር ጥርሱን ማበላሸት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ፍሳሽ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። በእኔ መኪና ላይ የተገኘውም ይኸው ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት መካኒክ ከመኪናው ስር ወጥቶ፣ «ጋሼ፣ ታች አንድ ጠብታ የለም፤ ታዲያ ዘይቱ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሞተሩን ዘይት መለኪያ እንዲያወጣ ነገርሁት፤ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ሆኖ ተገኘ። የፓምፑ ዘንግ ኦይል ሲል ሲደክም የመሪው ዘይት ወደ ውጭ ሳይሆን በማርሽ ቤቱ በኩል ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ስለሆነ ቀይ ቀለም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ምልክቱ የመጠኑ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይት ገብቶ መጠኑን ሊጨምር ስለሚችል ለማረጋገጥ በማጠራቀሚያው ላይ የዘይቱን ከፍታ በቴፕ ምልክት አድርጌ፣ የሞተሩንም ዘይት መለኪያ መዝግቤ መኪናውን ነዳሁት፤ ከመሪው ዘይት የጎደለውና በሞተሩ ዘይት ላይ የተጨመረው ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ። ዘይት ጎደለ ብሎ ዝም ብሎ እየሞሉ መሄድ በቺንጋ በሚዞር ፓምፕ ላይ የሚያስከትለው የመሬት መቆሸሽ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ላይ ግን የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ ኩሽኔታዎቹንም ለጉዳት ይዳርጋል። ይህን ሞተር ይዞ የሚሠራ ሁሉ የመሪ ዘይት ያለ ምልክት ሲጎድልበት መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት እንዲመለከት አጥብቄ እመክራለሁ።

ፓምፑን ከማውረዴ በፊት ግን ምን እንዳደከመው መፈለግ ነበረብኝ። የፊቱን አክስል በክሪክ አንስቼ፣ በማቆሚያ ብረት ደግፌ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን ከጫፍ ጫፍ አዞርሁት። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ መሪው ያለ ችግር መዞር ይገባዋል። የእኔው ግን መሐል ላይ ሲደርስ ይያዝ ነበር፤ ትንሽ ገፋ ሲደረግ ደግሞ ድንገት ይለቃል። የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጉልበት (ጎማው ወደ ጎን ከሚዞርበት መገጣጠሚያ) ለይቼ ጉልበቱን ብቻውን በእጄ ሳዞረው ያው መያዝ እዚያው ተገኘ። ሲፈታ የላይኛውና የታችኛው ኩሽኔታ መቀመጫ ላይ ሮለሮቹ ጎድጓዳ ምልክት ትተዋል፤ ግሪሱም ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ነጥቷል። ወንዝ ሲሻገር የገባ ውሃ ነው። ፓምፑ ይህን መያዝ ለማሸነፍ ሳያርፍ ሙሉ ግፊት ሲሰጥ ኖሯል ማለት ነው። ኩሽኔታዎቹን ከነማሸጊያቸው ቀይሬ፣ ጥብቀታቸውን በመንጠቆ ሚዛን እየጎተትሁ በመለካት በጥገና መመሪያው ልክ አስተካከልሁ። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ጥገና ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ሥራ ነው፤ ማንም ስለ መሪ ፓምፕ ሲያወራ ግን አይጠቅሰውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው የመሳቢያ ቱቦ ነበር። በዚህ ቱቦ ውስጥ ግፊት ስለሌለ ሲሰነጠቅ ዘይት ከማፍሰስ ይልቅ አየር ይስባል፤ ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ደረቅና ጤነኛ ይመስላል። በማሰሪያው አጠገብ ስጫነው ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅ ይታይ ነበር። የዚህ ቱቦ ጉድለት በተለይ በከፍታ ቦታ ጠዋት ጠዋት ይገለጣል፦ ከባሕር ወለል 4,377 ሜትር ከፍ ባለው የባሌው ቱሉ ዲምቱ ተራራ አካባቢ ዘይቱ በብርድ ይወፍራል፣ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊትም አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ የጠበበ ወይም አየር የሚያስገባ ቱቦ ያለው ፓምፕ ገና ሲነሳ ይጮኻል። ጠዋት በብርድ የሚጮኽና ሲሞቅ ጸጥ የሚል ከሆነ በመሳቢያው በኩል፣ ጠዋት ጸጥ ብሎ ሲግል የሚጮኽ ከሆነ በሙቀቱና በዘይቱ በኩል መፈለግ ጊዜ ይቆጥባል። የእኔ ሁለቱም ነበረበት። ቱቦውን ለዘይት በተሠራ ቱቦ ተክቼ ቱቦውን የሚያስሩትን ፋሼታዎችም አብሬ ቀየርሁ፤ የማጠራቀሚያውን ታችኛ ወንፊት ደግሞ በቤንዚን አጠብሁት። የውሃ ራዲያተር ቱቦ በዚህ ቦታ መግባት የለበትም፤ በመሪ ዘይት ያብጣል፣ ውስጡም ተልጦ ወደ ፓምፑ ይገባል።

ፓምፑ ሲወርድ የዘንጉን ኦይል ሲል አወጣሁት፤ ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ነበር። አዲሱን ከማስገባት በፊት መታየት ያለበት ዘንጉ ራሱ ነው። ኦይል ሲሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍርን ሲያሳልፉ የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ፣ አዲሱ ማሸጊያ ቢገባም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያፈስሳል፤ በዚያን ጊዜ ዘንጉን ወይም ፓምፑን መቀየር ግድ ነው። የእኔ ዘንግ ለስላሳ ስለነበር በኦይል ሲልና በጎሚኒዎች ለውጥ አለፈ። በውስጡ ከዘንጉ ጋር በሚሽከረከረው ክፍል፣ በሮተሩ ላይ ያሉት ስስ ብረቶች ሲመለሱ ክብ የሆነው ጠርዛቸው ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ ተገልብጠው ከገቡ የሚሽከረከሩበትን ቀለበት ይፍቃሉ። የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቩም ዘይት ተቀብቶ በቀዳዳው ውስጥ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ያለ መሰናክል መውረድ ይገባዋል። የሚያዘው ከሆነ ወይም ጭረት ካለበት ግፊቱ ይዛባል። ይህን ሥራ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ፣ እጅ ታጥቦ መሥራት ያስፈልጋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለፓምፑ ትልቅ ጠላት ናት። ፓምፑ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት በመሳቢያው ቀዳዳ ዘይት አፍስሼ ጥርሱን በእጄ እያዞርሁ በመውጫው በኩል እስኪመጣ ድረስ ሞላሁት፤ ሞተሩ ሲነሳ ደረቁን እንዳይዞር ነው። የሞተሩንም ዘይት ከነፊልትሮው ቀየርሁ።

ከዚያ የቀረው ማቀዝቀዣው ነው። አንዳንድ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በራዲያተሩ ፊት ተጠማዞ የሚያልፍ የመመለሻ ብረት ቱቦ አላቸው፤ የእኔው በጭቃ ተሸፍኖና ተጨማድዶ ስለነበር ለካምቢዮ ዘይት የሚያገለግል አነስተኛ ራዲያተር ገዝቼ ተካሁት። ይህ መግባት ያለበት ከመሪው ሳጥን ወደ ማጠራቀሚያው በሚመለሰው ቱቦ ላይ ብቻ ነው፤ በግፊት ቱቦው ላይ ቢገባ ይፈነዳል። ቦታውን በተመለከተ ብዙ ሰው ከመኪናው ስር ወይም ከጎን ያስረዋል፤ እኔ ግን አልስማማበትም። በድንጋይ ላይ በእግር ፍጥነት የሚሄድ መኪና የሚያገኘው ነፋስ የሞተሩ ፋን የሚስበው ብቻ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ከዋናው ራዲያተር ፊት፣ የውሃውን ማቀዝቀዝ በማይከለክል ጥግ ላይ መሆን አለበት። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከመጀመሪያው መጥበብ የለበትም፤ ከጠበበ በመመለሻው ላይ ግፊት ይፈጠርና ሌላ ፍሳሽ ይወልዳል። ቱቦው ብረት በሚነካበት ቦታ ሁሉ የተሰነጠቀ ጎማ አልብሼ አሰርሁት፤ በኮረኮንች ላይ ንዝረት ቱቦን እንደ መጋዝ ይቆርጣልና።

ዘይቱ ዴክስሮን 3 የሚባለው ቀይ ዘይት ነው። አሮጌውን ለማስወጣት የመመለሻውን ቱቦ ከማጠራቀሚያው ነቅዬ ወደ ጀሪካን አስገባሁት፤ የማጠራቀሚያውን ክፍት ቀዳዳ በውታፍ ደፍኜ፣ የፊት ጎማዎቹ ተነስተው ሳለ መሪውን በቀስታ እያዞርሁ ከላይ አዲስ ዘይት ጨመርሁ፤ በመጨረሻ የሚወጣው ንጹሕ ቀይ ሆነ። አየሩን ለማስወጣትም መጀመሪያ ሞተሩን ሳላስነሳ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ደጋግሜ አዞርሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነሳሁ። ሞተሩን ቀድሞ ማስነሳት አየሩን ከዘይቱ ጋር ይበጠብጥና ለሰዓታት የማይጠፋ አረፋ ያደርገዋል። አየሩ መውጣቱን ለማወቅ ሞተሩ ሠርቶ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ያለውን ከፍታ አይቶ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ከፍታው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ አሁንም አየር አለ ማለት ነው። የዘይቱን መጠን የምመለከተውም በሞቀው ምልክት ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ነው።

ውጤቱን በግምት ላለማየት በጨረር ቴርሞሜትር ለክቻለሁ። የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ይህ መሣሪያ ከእውነተኛው በታች ስለሚያሳይ በመመለሻው ቱቦ ብረት ላይ ጥቁር ቴፕ ጠቅልዬ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ለካሁ። ከጥገናው በፊት በከባዱ መንገድ ላይ ከ120 ዲግሪ ያልፍ የነበረው ከጥገናው በኋላ በዚያው ዓይነት መንገድና ሙቀት ከ90 አልበለጠም። ዘይቱ ቀይነቱን ጠብቋል፤ የሞተሩም ዘይት በመለኪያው ላይ ከምልክቱ አልተነቃነቀም።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። ሰፋፊ ጎማ የገባለት፣ በአሸዋም ለመሄድ ነፋሱ የተቀነሰለት መኪና መሪው ይከብዳል፤ ስለዚህ መሪው ሲዞር ጎማው ቢያንስ በትንሹ እየተንከባለለ መሆን አለበት። ቆሞ ማዞር ፓምፑን ይፈጀዋል። መሪው ጫፍ ላይ ሲደርስም እዚያው ጨምቆ ከመያዝ ጣት ያህል መልሶ መልቀቅ ቫልቩን ይዘጋዋል፤ ያ የፓምፑ ጩኸት ወዲያው ሲቆም በጆሮ ይሰማል።

ወደ በረሃ ስሄድ ሁለት ሊትር ቀይ ዘይት፣ የመሳቢያ ቱቦ፣ ፋሼታዎችና ሮንዴላዎች ከእኔ አይለዩም። ከእነዚህ ሌላ አንድ ነገር አዘጋጅቻለሁ፦ የአሮጌ ግፊት ቱቦን ጫፍ ከነማሰሪያው ቆርጬ ዘይት የሚችል ጎማ ቱቦ ገጥሜበታለሁ። ፓምፑ በቺንጋ የሚዞር ቢሆን ኖሮ የግፊት ቱቦ ሲፈነዳ ቺንጋውን አውልቆ መቀጠል ይቻል ነበር፤ በጥርስ የሚዞረው ግን ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል፣ ዘይት ካጣም ራሱን ይበላል። በዚያን ጊዜ ይህን ጫፍ በፓምፑ መውጫ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ ወደ ማጠራቀሚያው መመለሻ መግጠም ፓምፑ የራሱን ዘይት ያለ ጫና እንዲያዞር ያደርገዋል። የመሪውን ሳጥን ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ በአጭር ቱቦ እርስ በርስ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ከተደፈኑ በውስጡ የቀረው ዘይት መሄጃ አጥቶ መሪውን ሊይዘው ይችላልና። መሪው በጣም ይከብዳል፤ ግን መኪናው ይሄዳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከመንቀሳቀስ በፊት የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ዘይቱ በመመለሻው በኩል ሳይቆራረጥ እየገባ መሆኑን ማየት፣ በየመንገዱም እየቆሙ ያን የጎማ ቱቦ ፋሼታ መፈተሽ ያስፈልጋል።